ባልዲው ሥር ጠጠር አታድርጉ

አምስት ኪሎ አካባቢ ችግኝ እሸጣለሁ። በየሳምንቱ አንድ ሰው የሞተ የጥብስ ቅጠል ታቅፎ ይመጣል። "ምን ሆኖብኝ ነው?" ይለኛል። ባልዲውን እገለብጠዋለሁ። ግርጌው ላይ ሦስት ጣት የሚሆን ጠጠር አለ። ጠጠሩ ላይ ጭቃ። ጭቃው ውስጥ ጠቁሮ የበሰበሰ ሥር።

"ውሃው እንዲወርድ ብዬ እኮ ነው!" ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም እንዲሁ ተምሬ ለዓመታት ጠጠር ስደረድር ነበር።

ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ዝም ብሎ አይወርድም። ደቃቁ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል፤ በጠጠሮቹ መሃል ያለው ሰፊ ክፍተት ደግሞ አይስበውም። አፈሩ ከታች ጥግብ እስኪል ድረስ ውሃው እዚያው ይቆማል። ጠጠር ባይኖር ያ ረግረግ ባልዲው ወለል ላይ ይቀር ነበር። ጠጠር ስትደለድሉ ረግረጉን ወደ ላይ አንስታችሁ ለሥሩ አቀረባችሁለት።

ካላመናችሁ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አጥግቡና አጋድማችሁ ያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁመቱ አቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል። ቁመት በጨመረ ቁጥር ውሃው ይወርዳል። ጠጠር የሚያሳጥረው ደግሞ የአፈሩን ቁመት ነው።

ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ካገኛችሁ እሰየው፤ ሰባብራችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት እንጂ ከሥር አታንጥፉት። የቀለም ባልዲ ከሆነ አራት አምስት ቦታ ብሱት። አፈሩ እንዳይፈስ የአሮጌ ወንፊት ቁራጭ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው ገዳይ የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ የመጣ ቀን ጄሪካኑ ሁሉ ይሞላል፤ አትክልቱም አብሮ ይጥለቀለቃል። "እስከ ሐሙስ አይመጣም፣ ይጠጣ" ይባላል። ተክል ግመል አይደለም። ቅጠሉ ከጠወለገ መጀመሪያ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቷል። እዚያ ላይ ውሃ መጨመር ማለት ለሰመጠ ሰው ውሃ ማጠጣት ነው።

"ቀትር ላይ ካጠጣሽው ምች ይመታዋል" የምትለኝ ጎረቤት አለችኝ። ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ አያቃጥልም። ጠዋት ማጠጣት የሚሻለው ውሃው ሳይተን ሥሩ ጋ እንዲደርስ ነው። ክረምት ላይ ቲማቲሙን "ምች መታው" የምትሉትም የፀሐይ ሥራ አይደለም። በብርድና በእርጥበት የሚዛመት በሽታ ነው፤ ድንችንም አይምርም። ዳማከሴ አያድነውም። ከዝናብ ከልሉት፣ ቅጠሉ ደረቅ ይሁን።

የቡና አተላ በልክ። ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ሁሉ እዚያው ከደፋችሁት ደርቆ እንደ ቅርፊት ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም።

ዩሪያ ላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም። አንድ ጊዜ አክስቴ ከገጠር ይዛልኝ መጣች። 46 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን እያወቅኩ አንድ እፍኝ በአንድ ባልዲ በተንኩ። በሦስተኛው ቀን በሶብላዬ ከጫፉ ጀምሮ እሳት የነካው መሰለ። ማዳበሪያው ያን ያህል ሲበዛ ውሃው ከሥሩ ይሸሻል። የበሰለ ኮምፖስት ይበቃኝ ነበር።

"ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ፀሐይ አያገኝም" የሚለው ምክር ደግሞ ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ያለችው 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ያልፋል። በሌላው ጊዜ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ጋሼ በረንዳቸው ወደ ሰሜን ስለሆነ መትከል ትተው ነበር። "ደመናው ሳይበዛ መጋቢት መጨረሻ ላይ ቃሪያ ይትከሉ፤ መስከረም ሲጠባ ባልዲውን በደቡብ በኩል ወዳለው መስኮት ያዙሩት" አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ በፌስታል ቃሪያ ይዘውልኝ መጡ።

"ጠጠሩንስ አወጡት?" አልኳቸው።

ዞር ብለው ችግኝ ማየት ጀመሩ።