ወሎ ላይ የአእምሮ ጤና ጥናት ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠይቅ ይዞ ተፈናቃይ ዘንድ የሚሄድ ተመራማሪ በርክቷል። እኔም መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ዞሬያለሁ። እነዚህን ስህተቶች አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

አንደኛው፣ መጠይቁ አማርኛ ከሆነ በቃ ማለት ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ስላለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃል። ስለ ምግብ ፍላጎት ስጠይቃቸው አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝ። «ፍላጎቱማ አለ ልጄ፤ ምግቡ ነው የጠፋ» አሉ። ምን ልሙላ? እንቅልፍም እንደዚያው ነው። አንድ ሸራ ሥር ስድስት ሆነው የሚያድሩ ሰዎች እንቅልፍ የነሳቸው ድብርት ነው ወይስ ብርድ? ቁጥሩን ብቻ ሞልታችሁ አትለፉ። ምክንያቱን ጠይቁና ከጎኑ ጻፉት። «ሐሳብ ገደለኝ» ካሉም በራሳቸው ቃል ያዙት።

ሁለተኛው፣ ሰውን በቀበሌ ሊቀመንበር ማስጠራት። ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲመጣ «እርዳታ ሊመዘግቡ ነው» ይባላል። ስሙ ከዝርዝሩ እንዳይቀር ፈርቶ የተስማማ ሰው ፈቀደ አይባልም። መጀመሪያ ቡና ላይ ተቀመጡ፤ ጥናቱ ከእርዳታ ጋር እንደማይገናኝ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ፊርማ የሚፈራም አለ፤ በጦርነት መሐል ስም የሰፈረበት ወረቀት መዘዝ አለው። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አስቀድማችሁ የቃል ስምምነት አስፈቅዱ።

እኔን የሚያመኝ ሦስተኛው ነው። የድብርት መጠይቁ 9ኛ ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ሐዘንተኛ «ምነው አላህ በወሰደኝ» ሲል ልማድ ነው ብለን እናልፋለን። አትለፉት። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ረጋ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ግን መጠይቁ ሳይጀመር፣ በዚያው ቀን የምታደርሱት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይኑራችሁ። የመኪናው ወጪም በጀት ውስጥ ይግባ። እኛ ይህን አላሰብንም ነበር። አንድ ወጣት «አዎ» አለ፤ ምልክት አድርገን ወጣን። ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

ሌላው፣ ከአገሩ ያልወጣን ተፈናቃይ «ስደተኛ» ብሎ መጻፍ ነው። በሕግም በኑሮም ይለያያሉ።

ደግሞ ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱ። የቅሬው (የእድሩ) ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን በአፍ ንገሯቸው። የተሳሳታችሁትን እዚያው ያርሟችኋል።