በውድድር ለሚገኝ ገንዘብ የትምህርት ማሻሻያ ሲታቀድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ ኢኮኖሚ ክፉኛ በተናጋበት በ2009 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፕሬዚዳንት ኦባማ መንግሥት 4.35 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ግዛቶችን በትምህርት ማሻሻያ አወዳደረ። መርሐ ግብሩ ሬስ ቱ ዘ ቶፕ ይባላል። የትምህርት ሚኒስትሩ አርኒ ደንከን ገንዘቡን በተማሪ ቁጥር ከማከፋፈል ይልቅ ግዛቶች ዕቅድ ጽፈው በ500 ነጥብ እንዲመዘኑ አደረጉ። በመጀመሪያው ዙር 40 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ቢቀርቡም የቀናቸው ዴላዌርና ቴኔሲ ብቻ ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት የታየው ግን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ውድድር የሚያሸንፍ ዕቅድና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ዕቅድ ለየቅል ናቸው። የሚከተሉት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ዕቅዱን ለነጥብ ሰጪው መጻፍ

ከ500ው ነጥብ 138ቱ የተመደበው ለመምህራንና ለርእሳነ መምህራን ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ግዛቶች ምክር ቤቶቻቸውን አጣድፈው የመምህራን ምዘና ሕግ አወጡ። ኮሎራዶ በግንቦት 2010 የመምህሩን ምዘና ግማሽ በተማሪዎች እድገት ላይ የሚመሠርት ሕግ አጸደቀች፤ በነሐሴ ወር የሁለተኛው ዙር ውጤት ሲገለጽ ግን ከአሸናፊዎቹ መካከል አልነበረችም። በዚያ ዙር ገንዘቡ ሳይመጣ ሕጉ ቀረላት።

ያሸነፈችው ቴኔሲም ችግር አላጣችም። የምዘናው ግማሽ በተማሪዎች ውጤት ይሁን ተባለ፤ ነገር ግን የሙዚቃ፣ የሥዕልና የስፖርት መምህራን የሚያስተምሩት ትምህርት ግዛት አቀፍ ፈተና የለውም። መፍትሔ ተብሎ የትምህርት ቤቱ አጠቃላይ ውጤት ለእነርሱም ተሰጣቸው። አንድ የሙዚቃ መምህር አስተምሮት በማያውቀው ሒሳብ ይመዘናል ማለት ነው። ይህን ዕቅዱ ሲጻፍ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ አንቀጽ ሰኞ ጠዋት በእያንዳንዱ መምህር ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይደርስበት ነበር። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ጥያቄ ነው።

ፊርማን እንደ ስምምነት መቁጠር

የድጋፍ ፊርማ ነጥብ ስለሚያስገኝ አመልካቾች ከትምህርት ወረዳዎችና ከመምህራን ማኅበራት ፊርማ ለመሰብሰብ ይሯሯጣሉ። ሃዋይ 75 ሚሊዮን ዶላር አሸንፋ ስለ ምዘናና ስለ ደመወዝ ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ሳትስማማ ብዙ ጊዜ አለፈ። በታኅሣሥ 2011 የፌዴራሉ መንግሥት «ከፍተኛ ስጋት ያለባት» ብሎ ገንዘቧን ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ የወጣችው በ2013 ነው። ክርክሩ ከማመልከቻው በፊት ቢካሄድ ኖሮ ያን ያህል ጊዜ ባልባከነ ነበር።

የተቃራኒው ምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን በሚያቅፈው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ይገኛል። ካውንቲው ከግዛቲቱ ዕቅድ ውጭ ሆነ፤ ሊደርሰው ይችል የነበረውን 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማም ተወው። ምክንያቱ ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ሆኖ ለዓመታት የገነባው የራሱ አሠራር ነበር፦ አዲስና የተቸገሩ መምህራን ልምድ ያለው አማካሪ መምህር ይመደብላቸዋል፤ በመጨረሻም መምህራንና ርእሳነ መምህራን በጋራ የተቀመጡበት ጉባኤ ይወስናል። የሚሠራን ነገር ለገንዘብ ብሎ ላለማፍረስ መወሰን ድፍረት ይጠይቃል። ዕቅድ አውጪ ሁሉ «አናመለክትም» የሚለውን አማራጭም ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አለበት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር

ከስህተቶቹ ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ሐሳቦችን ያጠፋል። ኒው ዮርክ 700 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈች። አዲስ የትምህርት ደረጃ፣ አዲስ ፈተናና አዲስ የመምህራን ምዘና ተከታትለው መጡ። በ2013 የመጀመሪያው አዲስ ፈተና ሲሰጥ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ካሉት ተማሪዎች ብቁ የተባሉት 31 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ፤ በቀደመው ዓመት በእንግሊዝኛ 55፣ በሒሳብ 65 በመቶ ያህል ነበሩ። ልጆቹ በአንድ ክረምት አልደነቆሩም፤ መለኪያው ነው የተለወጠው። ወላጅ ግን የሚያየው የልጁን ውጤት ነው፣ መምህሩም በዚሁ ቁጥር ሊመዘን መሆኑን ያውቃል። ቁጣው እያደገ ሄዶ በ2015 ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ያህል ፈተናውን ሳይወስድ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግዛቲቱ የፈተናውን ውጤት ለመምህራን ምዘና መጠቀምን ለጊዜው አቆመች።

ቅደም ተከተሉ ከባድ አልነበረም፦ መጀመሪያ ሥርዓተ ትምህርቱና መጻሕፍቱ ይድረሱ፣ መምህራን ይሠልጥኑ፣ ፈተናው ለአንድ ሁለት ዓመት ያለ ቅጣት ይሞከር፣ ምዘናው ከዚያ ይምጣ። ገንዘቡ የሚቆይበት አራት ዓመት ግን ለዚህ አይበቃም ነበር፤ የመንግሥት የጊዜ ሰሌዳ የልጆችን የመማሪያ ፍጥነት አይከተልምና። የጊዜ ገደቡ የማይበቃ ከሆነ ከአራት ነገር ሁለቱን ብቻ ቃል መግባት ይሻላል።

የማመልከቻውን ጥያቄ በጥንቃቄ አለማንበብ

ኒው ጀርዚ የተጠየቀችው የ2008 እና የ2009 በጀት ንጽጽር ነበር፤ ያቀረበችው ግን የ2010 እና የ2011 ነው። በዚህ ብቻ 4.8 ነጥብ ተቀነሰባት፤ ከመጨረሻዋ አሸናፊ ከኦሃዮ ያነሰችው ደግሞ በ3 ነጥብ ገደማ ነበር። 400 ሚሊዮን ዶላር አመለጣት፣ የትምህርት ኮሚሽነሩም ከሥራ ተሰናበቱ። ማመልከቻውን ያልጻፈ ሰው ጥያቄውንና መልሱን ጎን ለጎን አድርጎ እንዲያነብ ማድረግ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጸሐፊውን ቀጥሮ አስፈጻሚውን መርሳት

የቢል ጌትስ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሆነው ጌትስ ፋውንዴሽን ለ15 ግዛቶች ማመልከቻ የሚያግዙ አማካሪዎች የሚቀጠሩበት ለእያንዳንዳቸው እስከ 250 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ነበር። አማካሪ መቅጠር ነውር አይደለም። ችግሩ አማካሪው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቅዱን የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ከድሉ በኋላ ግዛቶች ሠራተኛ በመቅጠርና ግዢ በመፈጸም ዘገዩ፤ ብዙዎቹም ተጨማሪ ጊዜ ጠየቁ። የሥራው ኃላፊ ማን እንደሚሆን ከማመልከቻው በፊት ተወስኖ ጽሑፉ ላይ አብሮ ይቀመጥ።

ጊዜያዊ ገንዘብን ለቋሚ ወጪ ማዋል

አገሪቱ ለትምህርት ቤቶቿ በዓመት ከ500 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታወጣ ነበር፤ ሬስ ቱ ዘ ቶፕ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ሲታይ ከዚያ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ ሥልጠና፣ የመረጃ ሥርዓትና መጻሕፍት ማዘጋጀት ይቻላል። ደመወዝ ከተጨመረበት ግን በአምስተኛው ዓመት ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በበጀት ሰነድ ላይ መታየት አለበት።

የሚለካበትን መንገድ ሳያዘጋጁ መጀመር

በ2016 የወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ግምገማ መርሐ ግብሩ የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻሉን ወይም አለማሻሻሉን በግልጽ መለየት አልቻለም። ተወዳዳሪ ግዛቶች አሸነፉም አላሸነፉም ሕጋቸውን በአንድ ጊዜ ስለለወጡ ማን ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣ ቢሮ ወረዳዎቹን በየተራ ያስጀምር፤ ተራቸው ያልደረሰው ለተጀመሩት ማነጻጸሪያ ይሁኑ፤ የሁሉም መነሻ ውጤት ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ይመዝገብ።