4,294,967,297ን በእስክሪብቶና በወረቀት እንዴት እንበትነዋለን

ሠላሳ ሁለት 2ዎችን አባዙና 1 ጨምሩ። የሚመጣው 4,294,967,297 ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፈርማ በ1640 (እ.ኤ.አ.) ይህን ቁጥር ፕራይም ነው ብሎ ያምን ነበር። ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው። በ1732 የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር 641 እኩል እንደሚያካፍለው አሳየ። መበተን የምለው እንዲህ ያሉትን አካፋዮች ማግኘትን ነው።

እኔ መጀመሪያ በደረቁ ነው የገባሁበት። 3፣ 7፣ 11 እያልኩ ማካፈል። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። የሚያናድደው ደግሞ 641 ላይ ደርሼ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ስቀንስ ተሳሳትኩና ቀሪ አለው ብዬ አለፍኩት። 900 ገደማ ስደርስ ደብተሩን ዘጋሁት።

ስለዚህ ከ3 አትጀምሩ። መጀመሪያ እጩዎቹን አጥሩ። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋዮች በሙሉ 128ን በሆነ ቁጥር አባዝተን 1 ስንጨምር የሚገኙ ናቸው። ኦይለር በ64 ነበር የሚሄደው፤ ወደ 128 ያሳደገው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ነው፣ በ1878። እንቁጠር፦ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641። ከነዚህ ፕራይም የሆኑት 257ና 641 ብቻ ናቸው። 641 ከ2 ጀምሮ ሲቆጠር 116ኛው ፕራይም ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ሁለተኛው እጩ ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ ምሽቶቼ እስካሁን ይቆጩኛል።

አሁን ዋናው ነገር። 641ን ለመሞከር ትልቁን ቁጥር ጭራሽ አትንኩት። ከቀሪዎቹ ጋር ብቻ ሥሩ።

ስምንት 2ዎች ሲባዙ 256። ይህን በራሱ ስናባዛው 65,536፣ ማለትም አሥራ ስድስት 2ዎች። ለ641 እናካፍለው፤ 641 × 102 = 65,382፣ ቀሪው 154። እዚህ ጋ 65,536ን ጣሉትና 154ን ብቻ ያዙ። ይቻላል ወይ? ይቻላል። 65,536 ማለት 641 × 102 ሲደመር 154 ነው። በራሱ ሲባዛ 641 ያለበት ቁራጭ ሁሉ ለ641 እኩል ይካፈላል፤ ቀሪውን የሚወስነው 154 × 154 ብቻ ነው። እሱ 23,716 ነው። 641 × 36 = 23,076 እንቀንስለት፤ 640 ቀረ። ሠላሳ ሁለቱን 2ዎች ጨረስን ማለት ነው። ያቺን 1 ጨምሩባት፦ 641። ቀሪ የለም!

ከዚያ አካፍሉ፤ 6,700,417 ይመጣል።

ማረጋገጫ ላይ አሃዞችን ደምሮ በ9 መፈተሽ፣ ማለትም ድምሩ ለ9 ሲካፈል የሚቀረውን ማመሳከር የሚወዱ አሉ። እኔ ብቻውን አላምነውም። አንዴ 6,700,471 ብዬ ገልብጬ ጽፌ በሰላም አሳልፎኛል፤ ድምሩ አይቀየርማ። የሁለቱን አካፋዮች የመጨረሻ ሁለት ሁለት አሃዞችም አባዙ፤ ውጤቱ እንደ ትልቁ ቁጥር በ97 መጨረስ አለበት። 41 × 17 = 697፣ መጨረሻው 97፣ ልክ። 41 × 71 ግን 2,911፣ መጨረሻው 11።

6,700,417 ራሱ ይበተን ይሆን? ስኩዌር ሩቱ 2,588 ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች አካፋይ ካጣንለት ፕራይም ነው። አካፋይ ቢኖረው ደግሞ የትልቁም አካፋይ ስለሚሆን ያው የ128 ደንብ ይይዘዋል። እጩዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፦ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,409። ቀሪዎቻቸው በተራ 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622። አንዱም እኩል አላካፈለም፤ ፕራይም ነው። የትልቁ ቁጥር አካፋዮች እንግዲህ አራት ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ።

ከጣማችሁ 64 2ዎችን አባዝታችሁ 1 ጨምሩና ሞክሩ። እዚያ እጩዎቹ በ256 ይራመዳሉ፤ የሚያካፍለው 274,177 ነው። ለቀሪዎቹ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሙሉውን ባለ 20 አሃዝ ቁጥር ግን አታስገቡበት፤ ብዙዎቹ ያጠጋጉትና መጨረሻ ላይ ያለችው 1 ትጠፋለች።