ለቅርጻ ቅርጽ ባንድሶ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባንድሶ፣ ማለትም በሁለት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ በሚዞር ምላጭ እንጨት የሚቆርጠው ማሽን፣ መሮን አይተካም። የሚያስቀረው ጭፍጨፋውን ነው። በመጥረቢያ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ትርፍ እንጨት በደቂቃዎች ያነሳላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ያው የእጅ ሥራ ነው። ይህን ሳንይዝ ገበያ ከወጣን የአናጺ ማሽን ተሸክመን እንመለሳለን። እኔ ተመልሻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ቁጥሩን ማመን ነው። ሻጩ «14 ኢንች ነው» ይላል። ሰሚው 14 ኢንች ውፍረት ያለው እንጨት የሚቆርጥ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ምላጩ ከሚዞርባቸው ከሁለቱ ጎማዎች የእያንዳንዱን ከዳር እስከ ዳር ስፋት ነው የሚናገረው። ከእሱ የምትገምቱት ነገር ቢኖር ከምላጩ እስከ ማሽኑ ቋሚ አካል ያለውን ርቀት ነው፤ 34 ሳንቲም አካባቢ። ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ ባለ 14 ኢንች ማሽኖች እንጨቱ የሚያልፍበት ቁመት፣ ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው የምላጭ ድጋፍ ማለት ነው፣ 15 ሳንቲም ብቻ ነው። አናጺ ጣውላ ስለሚሰነጥቅ ይበቃዋል። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ጉማጅ ለሚያወጣ ሰው ግን 15 ሳንቲም ምን ትሆነዋለች? ጉማጁ ገና አይገባም!

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ከምትሠሩባቸው እንጨቶች ትልቁን ለኩ። ገበያ ስትሄዱም ሜትር ያዙ። አንዳንዱ ማሽን ወገቡ ላይ ማስረዘሚያ ብረት ይገባለትና ከፍታው 30 ሳንቲም ይደርሳል። ያን ጊዜ ምላጩም ረዘም ያለ መሆን አለበት። ብረቱም ምላጩም መገኘታቸውን ሳታረጋግጡ «በኋላ አስረዝመዋለሁ» ብላችሁ እንዳትከፍሉ። በሌላ በኩል ሥራችሁ የአንገት መስቀልና ማንኪያ ብቻ ከሆነ ትልቅ ማሽን ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም አይፈይድም።

በፈረስ ጉልበት መማረክም አለ። እስከ 15 ሳንቲም ለሚደርስ እንጨት ከ1 እስከ 1.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይበቃል፤ ወይራም ቢሆን። 25 እና 30 ሳንቲም ከሆነ 2 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ማሽኑ ደከመ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ስላነሰ ሳይሆን ምላጩ ስለደነዘ ወይም ስለላላ ነው።

ቀራጭን ከአናጺ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ምላጩ ነው። ሰፊ ምላጭ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መጠምዘዝ አይወድም። 13 ሚሊ ስፋት ያለው ምላጭ መታጠፍ የሚችለው ራዲየሱ 6 ሳንቲም ተኩል ገደማ በሆነ ኩርባ ነው። 6 ሚሊው 16 ሚሊ ራዲየስ ይበቃዋል። 3 ሚሊው ደግሞ በ5 ሚሊ ይዞራል፤ የገንዘብ ሳንቲም ዙሪያ ይከተላል ማለት ነው። ሰፊውን በጠባብ ኩርባ ካስገደዳችሁት መጀመሪያ ጀርባው እንጨቱን ይፈትጋል። ከዚያ የቃጠሎ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ጧ! ስለዚህ ስትገዙ ማሽኑ የሚቀበለውን ትንሹን ስፋት ጠይቁ። ሻጮች የሚኮሩት በትልቁ ነው።

ቀጭን ምላጭ ምን እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ትንሽ አንበሳ ልታወጡ ነው እንበል። አራት ማዕዘን የሆነ የዋንዛ ቁራጭ ውሰዱ። በጎኑ ላይ የአንበሳውን የጎን መልክ፣ በላዩ ላይ ከላይ ሲታይ ያለውን መልክ ሳሉ። መጀመሪያ ጎኑን ቁረጡ። የወደቁትን ቁራጮች ግን አትጣሉ፤ ወደ ቦታቸው መልሳችሁ በፕላስተር እሰሯቸው። ሁለተኛው ሥዕል ያለው እነሱ ላይ ነው፣ እንጨቱም ጠረጴዛው ላይ ተደላድሎ የሚቀመጠው በእነሱ ነው። አዙሩትና ሁለተኛውን መስመር ቁረጡ። ፕላስተሩን ስትልጡት ዙሪያው ይረግፍና አንበሳው መዳፋችሁ ላይ ይቀራል። ጋማው ገና ነው፣ ዓይኑም ገና ነው፤ ግን አንበሳ ነው። እኔ እስካሁን ይህን ባየሁ ቁጥር እንደ ልጅ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምላጩን ግራና ቀኝ የሚደግፉት የብረት ኩሽኔታዎች ለ3 ሚሊ ምላጭ አይሆኑም፤ ጥርሱን ይበሉታል። በእነሱ ፋንታ ጠንካራ የእንጨት ድጋፍ ይገባል። የኔ ከወይራ ፍልጥ የተሠራና ዘይት የጠጣ ነው። እናም ድጋፉ የሚቀየር መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

የጥርስ ነገር ቀላል ነው። ወፍራም እንጨት በአንድ ኢንች 3 ወይም 4 ጥርስ ያለው ምላጭ ይፈልጋል። ጥርሱ ከበዛ ዱቄቱ መውጫ አጥቶ ምላጩ ይግላል።

ማሽኑን ጭንቅላታችን ውስጥ ከጣውላ ጋር ብቻ አገናኝተን መግዛታችንም አንድ ስህተት ነው። ቀራጭ የሚይዘው ክብ ግንድ ነው። እኔ አንድ ቀን ክንድ የሚያህል ደረቅ ወይራ በእጄ ብቻ ይዤ ለመቁረጥ ሞከርኩ። ምላጩ ገና ሲነካው ግንዱ ተሽከረከረና ከእጄ ተነጠቀ። ምላጩ ተጣመመ፤ ጣቶቼ በዕድል ተረፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ምላጩ ወደ ታች ይስባል፣ ክብ ነገር ደግሞ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ሆድ የለውም። ግንዱን በአንድ ጎን በመጥረቢያ ጥረቡለት፤ ወይም መሃሉ እንደ ቦይ የተቦረቦረ ማስቀመጫ ሠርታችሁ በሽብልቅ አጥብቁት። ለዚህ የሚበቃ ከባድና የማይወዛወዝ ጠረጴዛ ያለውን ማሽን ምረጡ። የላይኛው መከለያም በቀላሉ ወርዶ እንጨቱ አናት ላይ የሚደርስ ይሁን። መከለያው ከፍ ብሎ ከቀረ የተራቆተው ምላጭ ፊት ለፊት ይጠብቃችኋል።

መብራቱን ሳያጣሩ መግዛትም ያስከፍላል። ከአውሮፓ የሚመጡ ያገለገሉ ትልልቅ ማሽኖች ብዙዎቹ ስሪ ፌዝ ናቸው፤ በሦስት የመብራት መስመር ነው የሚሠሩት። የግቢያችሁ ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ከሆነ ብረት ገዛችሁ ማለት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ልላክ ካለም አመስግናችሁ ጠይቁ። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ጋ 220 እና 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዝ ላይ ግን አያገባውም። ሞተሩ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይዞራል፣ ይግላልም።

ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ መብራቱን አስነቅሉና ክዳኑን ከፍታችሁ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩ። ኩሽኔታው ካንቋረረ ይሰማችኋል። በጎማው ላይ የተጠመጠመው ላስቲክ ከተሰነጣጠቀ ምላጩ መስመሩን አይይዝም። ሻጩ ሊያሳያችሁ ሲል ለስላሳ ጣውላ ያነሳል። ያኔ ከቦርሳችሁ የራሳችሁን የወይራ ቁራጭ አውጡና «ይህችን» በሉት። ፊቱን ስታዩ ግማሹን መልስ ታገኛላችሁ።