ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በብስክሌት ለሚጓዙ
በፈረንሳይ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ካናል ዱ ሚዲ በሚባለው ሰው ሠራሽ የጀልባ ቦይ ዳር የሚሄደው መንገድ ለብስክሌተኛ የማያደክመው፣ በቀድሞ ዘመን ጀልባ ጎታች ፈረሶች ይሄዱበት የነበረና ከውሃው ጋር የተስተካከለ ሜዳ ስለሆነ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ወደ ጣና ዳርቻ የሚወርድ ሰው ግን፣ ከተማችን ከሐይቁ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለስ መሆኑን አስቦ ጉልበቱን ይቆጥብ።

ከመኪና ለመራቅ በየማሳው መካከል የሚያልፈውን የእግር መንገድ የሚመርጡ ሁሉ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከአገሬው ጠይቀው፣ ዝናቡ ካባራና መሬቱ ከጠጠረ በኋላ ቢነሡ ይመረጣል፤ የደምቢያ ዋልካ በክረምት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን እስከ ማቆም ይደርሳልና። ያው አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ ደግሞ ከቀጭን ጎማ ይልቅ ሰፊው እጅግ ይሻላል። ለእሾሁ ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ መያዝ ግድ ነው።