የ«ኒድ ፎር ስፒድ» ጨዋታዎችን እንዴት በደረጃ መደርደር ይቻላል?

«ኒድ ፎር ስፒድ» የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ስሪዲኦ በተባለው የጨዋታ መሣሪያ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከሃያ በላይ ዋና ዋና ክፍሎች ወጥተዋል። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እስከ ዛሬ ያው ቢሆንም፣ ጨዋታውን የሚሠሩት ስቱዲዮዎች ተፈራርቀዋል፤ ብላክ ቦክስ፣ ክራይቴሪዮን፣ ስላይትሊ ማድ እና ጎስት ጌምስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሻራ ትተውበታል። በዚህም የተነሣ አንዱ ክፍል ውድ መኪኖችን በገጠር አስፋልት ላይ የሚያስነዳ፣ ሌላው ከፖሊስ የሚያሯሩጥ፣ ሌላው በሌሊት ከተማ ውስጥ የሚያፎካክር፣ ሌላው ደግሞ በሕጋዊ ትራክ ላይ የሚያወዳድር ሆኗል። እንዲህ የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ መስመር ለመደርደር የሚፈልግ ሰው፣ የሚወደውን ስም ከላይ አስቀምጦ ሌላውን በስሜት ከመከተል ይልቅ፣ የሚያወዳድረው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ቢወስን ደረጃው ለሌላ አንባቢ ትርጉም ይኖረዋል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚቆጠሩትን ክፍሎች ለይቶ መጻፍ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም ክርክር ሲነሣ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ሞስት ዋንትድ» የሚል ስም ያላቸው ሁለት ጨዋታዎች አሉ፤ የ2005ቱ የብላክ ቦክስ፣ የ2012ቱ የክራይቴሪዮን ሥራ ሲሆን፣ ከስሙና ከፖሊሱ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር ጥቂት ነው። «ሆት ፐርሱት»ም እንዲሁ በ1998፣ በ2002 እና በ2010 ተመላልሶ መጥቷል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ዓመቱን መጻፍ ግዴታ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ስምና አንድ ዓመት ይዘው የወጡ ጨዋታዎች እንኳ በየመሣሪያው ሊለያዩ ይችላሉ። የ2002ቱ «ሆት ፐርሱት 2» በፕሌይስቴሽን 2 ላይ የብላክ ቦክስ ሥራ ሲሆን፣ በኮምፒውተርና በሌሎቹ መሣሪያዎች ላይ የወጣው ግን በሌላ ስቱዲዮ የተሠራ፣ በአነዳዱም የተለየ ጨዋታ ነው። ፖርሽ በተባለው የመኪና ኩባንያ ሥራዎች ላይ ብቻ ያተኮረው የ2000ው ክፍልም በኮምፒውተርና በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ላይ አንድ አይደለም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ርዕስ ሲከራከሩ አንዱ የኮምፒውተሩን፣ ሌላው የፕሌይስቴሽኑን እያሰበ ከሆነ ክርክሩ መቼም መቋጫ አያገኝም። በ2020 የወጣውን የታደሰ «ሆት ፐርሱት» ግን ለብቻው መቁጠር አያስፈልግም፤ አነዳዱም መንገዶቹም የ2010ሩ ናቸውና በእናቱ ደረጃ ሥር ይቀመጥ። በ2015 አገልግሎቱ የተቋረጠው «ወርልድ» የተባለው የኦንላይን ክፍል ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል፤ ዛሬ በይፋ ሊጫወቱት የማይችሉትን ጨዋታ በትክክል መመዘን አይቻልምና።

ቀጥሎ መለኪያ መምረጥ ይገባል። እኔ የማምንባቸው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መኪናው ለመሪው የሚታዘዝበት መንገድ ነው፤ ማለትም ፍሬን ሲያዝ፣ መታጠፊያ ሲገባ፣ ነዳጅ ሲሰጥ መኪናው የሚመልሰው ምላሽ ተጫዋቹ ሊማረውና ሊያሻሽለው የሚችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ፉክክሩ እውነተኛ መሆኑ ነው። ሦስተኛው የጨዋታው ክፍሎች ሁሉ ለአንድ ዓላማ መሥራታቸው ነው፤ ታሪኩ፣ ገንዘቡ፣ ፖሊሱና የመኪና ማስዋቡ ተደጋግፈው ተጫዋቹን ወደፊት ይወስዱታል ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሟል? የምስል ጥራትን ከመለኪያዎቹ ውስጥ ያላስገባሁት ሆነ ብዬ ነው። የምስል ጥራት በየዓመቱ ስለሚሻሻል፣ በእሱ የሚደረድር ሰው ዞሮ ዞሮ ጨዋታዎቹን በወጡበት ዓመት ቅደም ተከተል ከማስቀመጥ አያልፍም። የመኪኖች ብዛትም ያው ነው።

ስለ ሁለተኛው መለኪያ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዚህ ተከታታይ ጨዋታ ትልቁ ድካም እዚያ ላይ ነውና። በብዙዎቹ ክፍሎች ተፎካካሪ መኪኖች ወደ ኋላ በቀሩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፍጥነት ይጨምርላቸዋል፣ ሲቀድሙ ደግሞ ያዘገያቸዋል። ዓላማው ውድድሩ እስከ መጨረሻው አጓጊ እንዲሆን ነው፤ ውጤቱ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ያለ አንዳች ስሕተት የነዳ ሰውና ግድግዳ ሲገጭ የቆየ ሰው በመጨረሻው ዙር ላይ እኩል እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ይህን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ፤ አንዱን ውድድር አንድ ጊዜ በሙሉ ጥንቃቄ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ሆነ ብሎ እየዘገዩ መንዳትና በመጨረሻው ዙር መግቢያ ላይ ከተፎካካሪዎቹ ጋር ያለውን ልዩነት ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል አንድ ከሆነ ጨዋታው ችሎታን አይሸልምም። በጣም የምወደው የ2005ቱ «ሞስት ዋንትድ» ራሱ በዚህ ፈተና ደካማ ነው፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነጥቡን መቀነስ ነበረብኝ።

መለኪያው ከተመረጠ በኋላ ወደ ጨዋታዎቹ መመለስ ይገባል። ከትዝታ ብቻ ደረጃ መስጠት አይመከርም። በልጅነቱ «አንደርግራውንድ»ን ከጓደኞቹ ጋር ተራ እየጠበቀ የተጫወተ ሰው የሚያስታውሰው ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ጓደኞቹንም ጭምር ነው፤ ያ ትዝታ ክቡር ነው፣ ነገር ግን ስለ መሪው አታዛዝ ምንም አይነግረንም። ለእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያውን፣ መካከሉንና ወደ መጨረሻው የሚጠጋውን ቦታ መንካት ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ በዝግተኛ መኪና ስለሚያስጀምሩ በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ከተመዘኑ ይበደላሉ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ መጫወትም ያስፈልጋል፤ አንዱን በኪቦርድ፣ ሌላውን በጆይስቲክ የነዳ ሰው የሚያነጻጽረው ጨዋታዎቹን ሳይሆን እጁ የያዘውን ዕቃ ነው። አስቸጋሪው ነገር ጨዋታዎቹን ማግኘቱ ነው። «ካርበን»፣ «አንደርከቨር»፣ ሁለቱ የ«ሺፍት» ክፍሎችና «ዘ ራን» በ2021 ከዲጂታል መደብሮች ስለ ወረዱ፣ ቀደም ብሎ ያልገዛቸው ሰው ዲስክ መፈለግ ይኖርበታል። ያለ ተጨማሪ ስም «ኒድ ፎር ስፒድ» ተብሎ ብቻ የወጣው የ2015ቱ ክፍል ደግሞ ለብቻ ለመጫወት እንኳ የማያቋርጥ ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ፣ ግንኙነቱ በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ተጫዋች ይህን እንደ እውነተኛ ጉድለት ቢቆጥረው አልተሳሳተም።

አሁን ወደ መደርደሩ እንግባ። ሃያ ምናምን ጨዋታዎችን በአንድ ጊዜ ከአንድ እስከ ሃያ ለመደርደር መሞከር ያደክማል፣ ያሳስታልም። የሚሻለው በዓላማ የሚመሳሰሉትን በቡድን አሰባስቦ፣ በቡድኑ ውስጥ ሁለት ሁለቱን እያነጻጸሩ አሸናፊውን ማውጣት፣ ከዚያም የየቡድኑን አሸናፊዎች ማገናኘት ነው። በእያንዳንዱ ንጽጽር ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍን አትተዉ፤ «ይህኛው ከዚያኛው የበለጠው በዚህ ምክንያት ነው» የሚለውን መጻፍ ካቃታችሁ ምርጫው ገና አልተወሰነም ማለት ነው።

በሌሊት ከተማ ቡድን ውስጥ ለምሳሌ የ2003ቱ «አንደርግራውንድ» እና የ2004ቱ «አንደርግራውንድ 2» ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ውድድሩን ከምናሌ እያስመረጠ ቀጥታ ወደ መንገዱ ያስገባል፤ ፖሊስ የለም፣ ነፃ መዘዋወር የለም፣ ድራግ (በቀጥታ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) እና ድሪፍት (መኪናን በመታጠፊያ እያንሸራተቱ መንዳት) ግን በሚገባ ተለይተው ቀርበዋል። ሁለተኛው ቤይቪው የተባለችውን ከተማ ለነፃ መዘዋወር ከፍቶ፣ ውድድሩን ተጫዋቹ ራሱ ነድቶ እንዲያገኘው ያደርጋል፤ የመኪና ማስዋቡንም ከበፊቱ እጅግ አስፍቶታል። ብዙዎች ሁለተኛውን ያለ ማመንታት ያስቀድማሉ። እኔም አስቀድመዋለሁ፤ ነገር ግን በመካከሉ ከአንድ ውድድር ወደ ሌላው የሚደረገው ጉዞ እየረዘመ ጨዋታውን እንደሚያዘገየው ሳልጠቅስ አላልፍም። ያስቀደምኩት ማስዋቡ ከውድድሩ ጋር ስለ ተያያዘ ነው፤ መኪናው ሲያምር ስሙ ይገናል፣ የመጽሔት ሽፋን ላይ ይወጣል፣ ገንዘብ ያመጣል።

በትራክ ቡድን ውስጥ የ2007ቱ «ፕሮስትሪት» እና የ2009ኙ «ሺፍት» ይወዳደራሉ፤ «ሺፍት» ከመሪው ጀርባ ያለውን እይታና የፍጥነቱን ፍርሃት በተሻለ ስላሳየ ያሸንፋል። እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም።

የ2000ው የፖርሽ ክፍል ለብቻው መታየት አለበት። የዚህን ጨዋታ የኮምፒውተር እትም ያልተጫወተ ሰው የተከታታዩን ሙሉ ስፋት አላየም ብዬ አምናለሁ። ጨዋታው በ1950 ከተሠራው 356 የተባለ ሞዴል ጀምሮ የአንድን ኩባንያ መኪኖች በዘመን ቅደም ተከተል ያስነዳል፤ አሮጌ መኪና ገዝቶ ጠግኖ በመሸጥ ገንዘብ ማግኘትም ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአነዳዱ ትምህርት ነው። ሞተሩ ከኋላ የሆነው የጥንቱ 911 ሞዴል መታጠፊያ መሐል ላይ ድንገት ነዳጅ ሲለቀቅለት ኋላው ይወጣል፤ ተጫዋቹም ፍሬኑን ቀድሞ ጨርሶ፣ በመታጠፊያው ውስጥ ነዳጁን ሳይለቅ መውጣትን ይማራል። ዘመኑ ወደፊት ሲሄድ መኪናው እየረጋ መምጣቱ በእጅ ይታወቃል። የመኪናን ታሪክ በጽሑፍ ሳይሆን በመሪ ያስተማረ ጨዋታ ስለሆነ በመጀመሪያው መለኪያ የሚስተካከለው አላገኘሁም፤ ሆኖም ፖሊሱም የጎዳና ፉክክሩም በእሱ ዘንድ ዋና ነገር ስላልሆኑ ከላይኛው ወንበር አልደረሰም።

ከፍተኛው ፉክክር በፖሊስ ማሳደድ ቡድን ውስጥ ነው፤ የ2005ቱ «ሞስት ዋንትድ» እና የ2010ሩ «ሆት ፐርሱት»። በንጹሕ አነዳድ «ሆት ፐርሱት» ይበልጣል። ክራይቴሪዮን ማስዋቡንና ማሻሻሉን ትቶ፣ በሲክሬስት ካውንቲ ረጃጅም መንገዶች ላይ መኪናውንና ተጫዋቹን ብቻ አስቀርቷል፤ ፖሊስም ተፎካካሪም ሆኖ መጫወት ይቻላል፣ ሁለቱም ወገን ሌላውን የሚያሰናክልበት የየራሱ መሣሪያ አለው። ኦቶሎግ የተባለው ሥርዓት ደግሞ የጓደኛን ሰዓት እያሳየ ያንኑ ውድድር ደግመው እንዲነዱ ያስገድዳል፤ ይህ ኮምፒውተሩ በሰው ሠራሽ መንገድ ከሚፈጥረው ፉክክር ይልቅ በጣም የተሻለ ነው፤ የሚቀደመው የሰው ችሎታ ነውና።

«ሞስት ዋንትድ» በአነዳድ አንድ እርምጃ ቢያንስም በሦስተኛው መለኪያ ላይ ወደር የለውም። በሮክፖርት ከተማ የአሥራ አምስት ተፈላጊ ነጂዎች ዝርዝር አለ፤ ከመካከላቸው አንዱን ለመግጠም ውድድር ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ከፖሊስ ጋር በሚደረግ ሩጫ የተወሰነ ውጤት ማስመዝገብ ግድ ይላል። ማሳደዱ በረዘመ ቁጥር የሚመጡት የፖሊስ መኪኖች እየከበዱና እየፈጠኑ ይሄዳሉ፤ የተፈላጊነቱ መጠን የሚመዘገበው በመኪናው ላይ ስለሆነም፣ ቀለም መቀባትና የአካል ክፍል መቀየር ለጌጥ ሳይሆን ከፖሊስ ዓይን ለመሰወር ይጠቅማል። በመጀመሪያ የተነጠቀው የቢኤምደብሊው ኤም3 ጂቲአር መኪናም እስከ መጨረሻው የሚፈለግ ግብ ሆኖ ይቆያል። ማስዋቡ፣ ገንዘቡ፣ ፖሊሱና ቂሙ አንድ ገመድ ሆነዋል። ስለዚህ አንደኛ ያደረግሁት እሱን ነው፤ «ሆት ፐርሱት» ሁለተኛ፣ የፖርሹ ሦስተኛ፣ «አንደርግራውንድ 2» አራተኛ ይሆናሉ። የመጀመሪያውን መለኪያ ከሌሎቹ እጥፍ የሚያከብድ አንባቢ የፖርሹን ወደ ላይ ማውጣቱ ትክክል ነው፤ ክብደቱን ግን ከመደርደሩ በፊት ይወስን እንጂ ውጤቱን አይቶ አይለውጠው።

ከአራተኛው በኋላ ያለውን ቦታ በጥቂቱ ማለፍ ይቻላል። ቀን በሕጋዊ ውድድር ገንዘብ፣ ሌሊት በሕገ ወጥ ውድድር ዝና የሚያስገኘው የ2019ኙ «ሂት» አምስተኛ ነው፤ ሌሊት የሰበሰቡትን ዝና ይዘው ወደ መጠለያ እስኪገቡ ድረስ ያለው ስጋት የ2005ቱን መንፈስ ያስታውሳል። በታችኛው ጫፍ ላይ የ2017ቱን «ፔይባክ» አስቀምጫለሁ፤ የመኪና ማሻሻያውን በአብዛኛው በዕድል ላይ በተመሠረቱ ካርዶች መተካቱ ከሦስቱም መለኪያዎች ጋር ይጋጫል፤ ተጫዋቹ የተሻለ ስለነዳ ሳይሆን የተሻለ ካርድ ስለደረሰው ያሸንፋልና። የታችኛውን ቦታ ስትሰጡ እንዲህ ያለ ተጨባጭ ምክንያት አስቀምጡ፤ «አስቀያሚ ነው» የሚል ቃል ለአንባቢ ምንም አይጨምርም። በ2022 የወጣውን «አንባውንድ» ለጊዜው ስድስተኛ ላይ አኑሬዋለሁ፤ በውድድር ላይ ገንዘብ አስይዞ የሚገቡበት ሥርዓቱ ሽንፈትን እውነተኛ ኪሳራ ስለሚያደርገው፣ ደግሜ ስነዳው ከ«ሂት» በላይ ሊወጣ ይችላል።