ሊን 4፦ ሪከርሲቭ ፈንክሽኑ ያሰላል፣ «አርኤፍኤል» ግን እምቢ ይላል

ሊን የሒሳብ ማስረጃን በኮምፒውተር የሚፈትሽ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ እሱን የጫነና ኢንዳክሽን የሚያውቅ ሰው ያንብበው። ሪከርሲቭ ማለት ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ነው። ምሳሌው አንድ ነው፦ ሎግ ሀ፣ ሀ ከ2 ካነሰ 0፣ ካላነሰ 1 + ሎግ (ሀ/2)።

ምልክት፦ አስልቶ ውጤት የሚያሳየው ትእዛዝ «ኢቫል» ሎግ 8ን 3 ብሎ ያወጣል። «ሎግ 8 = 3» የሚለውን ግን «አርኤፍኤል»ም (ሁለቱ ወገን ሲሰላ አንድ ነው የሚለው) «ዲሳይድ»ም (እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን በስሌት የሚወስነው) አያረጋግጡትም።

ምክንያት፦ አራት ኪሎ አካባቢ ላፕቶፕ ተይዞ ከሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው ይኸው ነው። «ኢቫል» የሚያስኬደው ኮምፓይል የተደረገውን ኮድ ነው፤ ማረጋገጫው እሱን አያይም። ጥሪው ከሀ+1 ወደ ሀ ቢወርድ ኖሮ ሊን ከቁጥሩ አሠራር ብቻ ማለቁን ያውቅና «አርኤፍኤል» ይሠራ ነበር። ሀ/2 ከሀ ማነሱ የሚታወቀው ግን በማስረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ፈንክሽን ሊን ከ2024ቱ እትም 4.9 ወዲህ ቆልፎታል፤ በስሌት አይከፈትም። ከፈንክሽኑ ትርጉም የሚወጡት እኩልታዎች ግን አሉ፣ በእነሱ ሥሩ።

መፍትሄ፦ ቁጥር ከሆነ «ሲምፕ [ሎግ]» (በእኩልታ እየተካ የሚያቃልለው ትእዛዝ) ይበቃል። 8 < 2 ሐሰት መሆኑን ራሱ አይቶ ወደ 4፣ 2፣ 1 ይወርድና ይቆማል። ያንኑ በተለዋዋጭ ሀ ላይ እንዳትጽፉ! ሀ < 2 ይሁን አይሁን ስለማያውቅ ሎግ (ሀ/2)ን ይከፍታል፣ ቀጥሎ ሎግ (ሀ/2/2)ን፣ እያለ የሪከርሽን ጥልቀት ገደብ አልፏል የሚል ስህተት እስኪመጣ ድረስ። ይሄኔ ገደቡን የሚያሳድግ አይጠፋም። ማለቂያ ለሌለው ነገር ገደብ ማሳደግ ላፕቶፑን ማጋል ብቻ ነው።

አንዴ ብቻ መክፈት ከፈለጋችሁ «አርደብሊው [ሎግ.ኢኪው_ዴፍ ሀ]» (በተሰጠው እኩልታ ብቻ የሚተካ ትእዛዝ) ብላችሁ በ«ስፕሊት» ሁለቱን ጉዳዮች ለዩ። ሀ የሚለውን አትዝለሉት፤ በግቡ (በሚረጋገጠው ነገር) ውስጥ ብዙ ሎግ ካለ ያላሰባችሁት ይከፈታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከፈንክሽኑ ሥር ሁለት ለማዎች (ትናንሽ ረዳት ማረጋገጫዎች) መጻፍ ነው፦ ሀ < 2 ከሆነ ሎግ ሀ = 0፤ 2 ≤ ሀ ከሆነ ሎግ ሀ = 1 + ሎግ (ሀ/2)። ለ«ሲምፕ» እነዚህን ከነሁኔታቸው ስጡት። 2 ≤ ሀ/2 መሆኑን ማረጋገጥ ስለማይችል አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል።

ኢንዳክሽኑም እዚሁ ይሰናከላል። ተራው ኢንዳክሽን ግምቱን የሚሰጣችሁ ለሀ ነው፣ ግቡ ለሀ+1 ሆኖ፤ የምትፈልጉት ግን ለግማሹ ነው። «ኢንዳክሽን ሀ ዩዚንግ ሎግ.ኢንደክት» በሉ፤ ጉዳዮቹ ልክ በፈንክሽኑ ቅርንጫፎች ልክ ይመጣሉ።

ምልክት፦ «ማለቁን ማሳየት አልተቻለም» የሚል ስህተት።
መነሻውን ሀ < 2 በማለት ፋንታ ሀ = 1 ብላችሁ እንደሆነ እዩ። 0/2 ያው 0 ስለሆነ ሎግ 0 አያልቅም፤ ሊን ልክ ነው። ፈንክሽኑን አርሙ። የማለቁ ማስረጃ በሚጻፍበት በ«ዲክሪዚንግ ባይ» ሥር «ሶሪ» (ያለ ማስረጃ ማሳለፊያውን) መወተፍ ማስረጃ አይባልም። «ፓርሻል» (ማለቁ አይረጋገጥ ማለት ነው) ደግሞ የባሰ ነው፦ ኮዱ ይሠራል፣ ስለሱ ግን አንዲት እኩልታ እንኳ አታረጋግጡም።

ውጤቱን የሚያጠራቅም ተጨማሪ አርጊዩመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) ካለና የኢንዳክሽኑ ግምት አልገጥም ካለ፣ «ጀነራላይዚንግ» ብላችሁ ያንን አርጊዩመንት ጨምሩ።

የፈንክሽን ስም በፊደላችን ሲሆን በ« » ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ሊን አያነበውም።

ማትሊብ (የሊን የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት) ከዜሮ መገንባት ከጀመረ አቁሙትና «ሌክ ኤክስኢ ካሽ ጌት» ብላችሁ ካሹን (ኮምፓይል ተደርጎ የተቀመጠውን ፋይል) አውርዱ፤ በሺዎች የሚቆጠር ፋይል መብራት በሚሄድበት ከተማ ኮምፓይል አይደረግም። ፒያሳ ካፌ ተቀምጣችሁ በሞባይል ዳታ «ሌክ አፕዴት» ደግሞ ያለ ምክንያት አትንኩ፤ እትሙ ከተቀየረ ካሹ እንደገና ይወርዳል።